በመካነ ሰላም ባለ ሦስት ፎቅ መንገድ ልሠራ ስሄድ

ይህን የምጽፈው መካነ ሰላምን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ነው። እኔም አይቻት አላውቅም ነበር። ሳላያት ግን አራት ወር ሙሉ መግቢያዋ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የመንገድ ማሳለጫ ስነድፍ ከርሜያለሁ። ወረቀቱ ላይ የደሴው መንገድ ከላይ በድልድይ ያልፋል፤ ከሥሩ የወግዲው፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የከላላው። በአራቱም ማዕዘን መኪና እየዞረ የሚወጣበትና የሚወርድበት ቀለበት አለው። ባለቤቴ የተጠቀለለውን ወረቀት ዘርግታ አየችና «ይኼ ጥልፍ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሥራው በደብዳቤ ላይ «የዋና መንገድ መገናኛ ዳግም ግንባታ» ይባላል። ለእንዲህ ያለ ዲዛይን መነሻው ቆጠራ ነው። በመገናኛው ላይ በሳምንት ስንት መኪና እንደሚያልፍ ሰው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ወደ ቢሮ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ያ ሁሉ መኪና ሳይጨናነቅ የሚያልፍበትን እንነድፋለን። ከመካነ ሰላም የመጣው ቁጥር ጉድ ነበር። ከሁሉም ያስገረመን ተሳቢ ያላቸው የጭነት መኪኖች ብዛት ነው። የክፍል ኃላፊያችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው «ደቡብ ወሎ ተነሥቷል» አሉ። ዘመኑ የእድገትና የትራንስፎርሜሽን ነበር። ዝቅ ብሎ የመጣ ቁጥር ይጣራል፤ ከፍ ብሎ የመጣ ግን እንኳን ደኅና መጣህ ይባላል። ኃላፊያችን ቁጥሩን ይዘው ለበላይ አቀረቡ፣ እኔም መንደፍ ጀመርኩ።

የቀረው ቦታው ድረስ ሄዶ ማሳለጫው የሚነካቸውን ቤቶች በቀይ ቀለም ማመልከትና ባለቤቶቹን ማስፈረም ነበር። ከዚያ ተመልሼ ዲዛይኑ ላይ ስሜን እፈርማለሁ። በስሜ የሚወጣ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ስለነበር ደስታዬን አልደብቅም።

የመጀመሪያው ቀን። ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ሾፌሩ ዘነበ ይባላል፤ ከእኔ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የገባ፣ ከእኔ ይልቅ አገር ያየ ሰው ነው። እኔ የምኖረው ከአንድ ማሳለጫ አጠገብ ነው። ማሳለጫው ቤቴን ከዳቦ ቤቱ ለይቶታል። በመስኮቴ የማየውን ዳቦ ለመግዛት በድልድዩ ዞሬ ሩብ ሰዓት እሄዳለሁ፤ ጎረቤቶቼ ግን የብረት አጥሩን ዘለው በአንድ ደቂቃ ይሻገራሉ። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ አልዘልም፤ ባለቤቴ ትዘላለች። እንግዲህ ለመካነ ሰላም ሰው ይዤለት የምሄደው ሥልጣኔ ይኸው ነበር።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በላን፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዓይን አላሳይ ብሎን ዘነበ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። ደሴ የገባነው ወደ ማታ ነው። ሆቴሉ በር ላይ «ሙቅ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷን ሙቅ ውሃ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«አለ።»

«መቼ?»

«መብራት ሲመጣ» አለችኝ፣ ሳትስቅ። በእኛ ሰፈርም እንዲሁ ስለሆነ ቅር አላለኝም።

ሁለተኛው ቀን። ከደሴ በኋላ አስፋልቱ ተሰናበተን። መንገዱ ጠጠር፣ አቧራና ጉድጓድ ሲሆን፣ ከፍታው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ያስለብሳል። እኔ የምጠብቀው ተሳቢዎቹን ነበር። በዚያ ቁጥር መሠረት በየአምስት ደቂቃው አንድ ሊያልፈን ይገባል። እስከ አቀስታ ድረስ ያገኘነው ግን አንድ አውቶቡስና ሁለት አይሱዙ ብቻ ነው።

«ተሳቢዎቹ የት ሄዱ?» አልኩት ዘነበን።

ዘነበ መንገዱን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ «እኔ ሾፌር ነኝ» አለኝ።

ከአቀስታ አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ደግሞ እንደ ሊጥ ተኝቷል። አንድ በበቅሎ የሚሄድ ገበሬ ደረሰብን። ምንም ሳይጠይቅ ወረደ፣ ጎማውን በቅሎው ላይ ጫነ፣ ዘነበን አስከትሎ ጎማ የሚያስተካክል ወዳለበት ሠፈር ሄደ። እኔ ከመኪናው ጋር ቀረሁ። ሚስቱ ይመስሉኛል፣ ኋላ በእግራቸው የደረሱ ሴት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና እሳቸውም ቁጭ አሉ። «እንግዳ ብቻውን አይቀመጥም» አሉኝ። ሁለት ሰዓት አብረን ተቀመጥን። ሰውዬው ሲመለስ ለማመስገን ብጀምር «ዱዓ አድርጉልኝ፣ ይበቃል» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎማ ሲፈነዳብኝ የሚደርስልኝ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ብቻ ነው።

መካነ ሰላም ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሆቴሎቹ ሁሉ ለሥልጠና በመጡ ሰዎች ተይዘዋል። ሊቀበለን የተመደበው የልማት አስተባባሪ፣ ደረቱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ ጎልማሳ፣ ትንሽ አሰበና ወደ ሼህ ሰይድ ቤት ወሰደን። ሼህ ሰይድ ቁርኣን የሚያስተምሩ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንዱ የቤተሰቡ መኖሪያ ሲሆን፣ ሌላው አባታቸው የሠሩት ረጅም የጭቃ ቤት ነው። በእሱ ውስጥ ከከላላና ከወግዲ የመጡ ደረሶች ይማራሉ፤ በስተዳሩ ደግሞ የእንግዳ ክፍል አለው።

«መርሐባ፣ መርሐባ» አሉን ሼሁ። «አላህ ያመጣውን እንግዳ ሆቴል አይቀማንም።»

እኔና ዘነበ ክርስቲያኖች መሆናችንን ሲያውቁ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፋጡማን ጠሩና አንድ ነገር በጆሯቸው አሉ። ወዲያው ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ጋሽ ተፈራ ተጠርተው መጡ፤ ከሼሁ መንጋ አንድ ጠቦት ጎትተው ወደ ራሳቸው ግቢ ወሰዱና አረዱ። ወጡም እዚያው በእነሱ ድስት ተሠርቶ መጣ። ሼሁ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ሽሮ እየበሉ «ብሉ እንጂ፣ የእናንተው ነው» ይሉናል። በሁለት ቤት መካከል ይህን ያህል ነገር ያለ አንድ ስብሰባ ሲከናወን አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን። ጠዋት ካርታዬን ይዤ ወጣሁና ሼሁን ዋናው የመንገድ መገናኛ ወዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እላዩ ላይ ቆመሃል፣ ልጄ» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ሦስት የጠጠር መንገዶች ከሼሁ አጥር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። መሐሉ ላይ አንድ የተቀባ ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ ፍየል ቆማለች። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቼ ከቦታው ጋር አስተያየሁት። ሰሜን ምሥራቁ ቀለበት የሚያልፈው ሌሊቱን በተኛሁበት ክፍል ላይ ነው። የደረሶቹ ቤት በሙሉ ውስጡ ይገባል። ወረቀት ላይ እያለ «ነባር ግንባታ» ብዬ በነጠብጣብ መስመር የከበብኩት አራት ማዕዘን ያ ቤት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪው ነዋሪውን ሰበሰበ። «ማሳለጫው የሕዝቡ የዘመናት ጥያቄ ነው» ብሎ ጀመረ። ሕዝቡ ማሳለጫ ምን እንደሆነ ገና አልተነገረውም። እኔ ተነሥቼ ወረቀቱን ዘርግቼ አስረዳሁ፤ ሁሉም በጥሞና ሰሙኝ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«አህያዬ በላይ ነው የምታልፈው በታች?»

አራት ወር ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዲዛይኑ ውስጥ ለአህያ የተተወ ቦታ የለም። «ጥያቄው ገንቢ ነው፤ በቀጣይ ይታያል» አልኳቸው። ሽማግሌው አመስግነውኝ ተቀመጡ። አስተባባሪው ቦታው ከክረምት በፊት ነጻ መሆን እንዳለበት፣ ለሼህ ሰይድም ከታች ወንዙ ዳር ምትክ ቦታ እንደተዘጋጀ ተናገረ።

አራተኛው ቀን የማስፈረምና የቀለም ቀን ነበር። ከሼሁ ጀመርን። ቅጹ ላይ «በሙሉ ፈቃደኝነት ተስማምቻለሁ» ይላል። ሼሁ አነበቡት፤ ቀና ብለው ቤቱን አዩት።

«አባቴ ይህን ቤት ሲሠራ ጭቃውን አብሬው ረግጫለሁ» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው በዓረብኛ ፈረሙ።

«ካልተስማሙ እኮ መናገር ይችላሉ» አልኳቸው።

«እንግዳዬ ነህ። ቤቴ አድረህ፣ ማዕዴ በልተህ፣ አይሆንም ብዬ ልመልስህ? እንዲያ አናውቅም።»

የወሎ ሰው እንግዳውን እምቢ ስለማይል ብቻ ቤቱን ሊሰጠኝ እንደሆነ በዚያ ቅጽበት ገብቶኛል። ቅጹ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። በሪፖርቴ «ከፍተኛ የልማት ተነሳሽነት ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ቀለሙን ይዤ ወደ ቤቱ ጓሮ ዞርኩ። ዓይን በማይገባበት ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጌ ላልፍ ነበር። ሼሁ ተከትለውኝ መጡ።

«እዚያ ዝናብ ያጥበዋል፤ ልፋትህ በከንቱ ይቀራል። ከበሩ በላይ ብታደርገው አይለቅም» አሉኝ። ደረሶቹ መሰላል አመጡ። እሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ፤ እኔ ወጥቼ ቀባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አምስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። የከላላውን መንገድ ከዳገቱ ላይ ማየት ነበረብኝ፤ መኪናው አልወጣ ሲል ሼሁ በቅሏቸውን ጫኑልኝ። እሳቸው ከጎኔ በእግር፣ እኔ በበቅሎ። ልውረድ ብል «ሹም በእግሩ ሲሄድ ማየት ለእኛም ነውር ነው» ብለው አስቀሩኝ። እየተመለስን ከገበያተኛው ጋር ተቀላቀልን። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር እህልና ሰሌን የተጫኑ አህዮች፣ በበቅሎ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ በጎች፣ ሰዎች።

መገናኛው ጋ ስንደርስ ሼሁ ወደ ደረሶቻቸው ገቡ፤ ዘነበም እዚያው ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ላይ ወረቀት አድርጎ ተቀምጧል። መምህር አበራ ይባላል፤ መሥሪያ ቤታችን ለቆጠራው የቀጠረው እሱን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስለተወደደ አንድ ሳምንት ጨምር ተብሎ ያን ዕለት መጀመሩ ነበር። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት ጨመረ። ከበቅሎው ወርጄ አየሁት። ጭረቱ ያረፈው «ትንሽ መኪና» ከሚለው ሥር ነው።

«መምህር፣ ይህ ጭረት ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ኢንጂነር።»

«እኔ?»

«ከነበቅሎው» አለኝ።

አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መምህር አበራ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሲሠለጥን በመንገዱ የሚያልፍ ምንም ነገር ሳይቆጠር እንዳይቀር ተብሏል። ቅጹ ግን የሚያውቀው ትንሽ መኪና፣ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና እና ተሳቢ ብቻ ነው። ግራ ሲገባው ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሣው ሰው «ባለው ውስጥ አስገባ» አለው። እሱም አስገባ።

«ሰው የሚጭን በቅሎ ትንሽ መኪና ነው፤ ዕቃ የሚጭን አህያ የጭነት መኪና» አለ።

«አውቶቡሱስ?»

«በቡድን የሚያልፍ ለቀስተኛና ሰርገኛ።»

የመጨረሻውን ለመጠየቅ ፈራሁ። ግን ጠየቅኩ። «ተሳቢውስ?»

መምህር አበራ በእጁ ወደ መንገዱ አሳየኝ። እህል የተጫነች አህያ ታልፋለች፤ ከኋላዋ ውርንጭላዋ ትከተላለች። ከ«ተሳቢ» ሥር አንድ ጭረት ጨመረ።

ከጎኔ የነበረው ዘነበ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ አልዘለቀም። እስከ ማታ ከመምህሩ ጋር ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሞተር ያለው ነገር አንድ አውቶቡስ፣ ሦስት አይሱዙ፣ አንድ ሚኒባስና የአስተባባሪው ሞተር ብስክሌት ነው፤ ሞተሩም አራት ጊዜ ስለተመላለሰ ወረቀቱ ላይ አራት ሆነ እንጂ አንድ ነው። የደቡብ ወሎን መነሣት የመሰከሩልን ተሳቢዎች እናትና ውርንጭላ ነበሩ። ለዚያ መገናኛ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ጠጠር፣ ጎርፍ ማስተላለፊያ ቱቦና አህያ የሚያርፍበት ጥላ ነው። የሼሁን ቤት የሚነካ አንድም መስመር አያስፈልገውም።

ይህን ለሼሁ በዚያው ሰዓት መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳቸውም። ስሜ የሚወጣበት የመጀመሪያ ሥራ ሲፈርስ እየታየኝ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ደግሞም የመጨረሻው ቃል የኃላፊዬ ነው፤ ዛሬ ይተርፋል ብዬ ነገ ይፈርሳል ከተባልኩ ሁለት ጊዜ መዋሸቴ ነው አልኩ። ምክንያት ለመደርደር ጊዜ አላጣሁም። ራት ላይ ሼሁ ዝም ማለቴን አይተው በቅሎዋ ጎድታህ እንደሆነ ብለው ወይዘሮ ፋጡማን ቅቤ አስመጡልኝ።

ስድስተኛው ቀን ስንነሣ ግቢው ሙሉ ሰው ሆነ። ወይዘሮ ፋጡማ ለስንቅ ድፎ ዳቦ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን፤ ዳቦውን የጋገሩት የጋሽ ተፈራ ባለቤት ናቸው። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፣ ጋሽ ተፈራም አሜን አሉ። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሼሁ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ሥራው መቼ ነው የሚጀመረው?»

«ከክረምት በፊት ይባላል» አልኳቸው።

«ኸይር ነው» አሉ። ደሴ እስክንገባ ዘነበ አላናገረኝም። ሆቴሉ በዚያ ቀንም መብራት አልነበረውም።

ሰባተኛው ቀን ማታ ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ኃላፊዬ ቢሮ ቆምኩ። ነገሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

«ውርንጭላ?» አሉ።

«ውርንጭላ።»

«ይህን ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ከዚያ በሩን ዘጉ። «እድገቱ እኮ ሪፖርት ተደርጓል። የተመዘገበ እድገት እንዴት ብለን ነው የምንመልሰው?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሦስት ሳምንት፣ አራት ስብሰባና አንድ ኮሚቴ ወሰደ። እኔም ለአንድ ጊዜ እንኳ እልህ ይዞኝ ባለ ሦስት ፎቁ ላይ አልፈርምም አልኩ፤ አዲስ ስሌት ሠርቼ ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻ ማንም ያልተሳሳተበት መፍትሔ ተገኘ። ማሳለጫው በምዕራፍ ሦስት ይሠራል፤ በምዕራፍ አንድ መገናኛው ባለበት ሆኖ ጠጠር ይነጠፍለታል። ምዕራፍ ሁለት ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ለእኔ ግን ትልቅ ድል ነበር፤ የሼሁ ቤት ተረፈ። ውሳኔው በተፈረመበት ሰዓት ከስብሰባው ሮጬ ወጥቼ ለመምህር አበራ ደወልኩ፤ እሱም ስልኩን ይዞ ወደ ሼሁ ሄደ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንግዳዬ» አሉ ሼሁ። «በሰላም ገባህ?» ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰላም መግባቴን ሳይሰሙ ቆይተዋል።

«ገብቻለሁ። ሼህ፣ የምሥራች ነው። ዲዛይኑ ተለውጧል። ቤትዎ አይነካም።»

ከበስተኋላቸው የደረሶቹ ድምፅ ይሰማኛል። ግድግዳ መሐል ያለ ድምፅ አይመስልም፤ ነፋስ ይገባበታል።

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ። ከዚያ «ቤቱን እንኳ አንሥተነዋል፣ ልጄ» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ደረሶቹና ተፈራ ሆነው አወረዱት። ክረምቱ ሳይመጣ እንጨቱን ለማትረፍ ነው። ደግሞ ተመልሰህ ስትመጣ ቆሞ ቢገኝ አንተን በአለቆችህ ፊት ያሳፍርሃል ብለን።»

«አሁን የት ያስተምራሉ?» አልኳቸው።

«ታች፣ ወንዙ ዳር። ሣሩ እርጥብ ነው እንጂ ቦታው ሰፊ ነው።»

ቤቱ መፍረስ እንደማያስፈልገው ያወቅኩት አምስተኛው ቀን ላይ መሆኑን፣ መስኮቱ ጋ ሆነው ሲጠይቁኝም እያወቅኩ ዝም ማለቴን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ እነሱ ይቅርታ ሲጠያየቁ እንደሰማሁት «አፉ ይበሉኝ» አልኩ።

«አፉ ብያለሁ። አብሽር» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ግን ያለ ምክንያት መፍረሱን ሲሰሙ አንተን አይቀጡህም?»

«አይቀጡኝም» አልኳቸው።

እውነትም አልቀጡኝም። ወሩ ሲያልቅ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ የግንባታ ቦታውን ያለ አንዳች ቅሬታ ከጊዜው አስቀድሜ ነጻ ስላስደረግኩ የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ሄጄ ተቀበልኩ።